ከዴልሂ ወደ አግራ፦ በመኪና ደርሶ መልስ፣ በባቡር ወይስ አንድ ሌሊት አድሮ?

ለሕክምና የመጣ ዘመድ ይዘው፣ ለንግድ ወይም ለትምህርት ብለው ዴልሂ የሚሰነብቱ ኢትዮጵያውያን በመካከል አንድ ወይም ሁለት ነጻ ቀን ሲያገኙ ታጅ ማሃልን ለማየት ማሰባቸው የተለመደ ነው። አግራ ከዴልሂ በስተደቡብ ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ የምትገኝ የያሙና ወንዝ ዳር ከተማ ስትሆን፣ ወደዚያ የሚወስዱት የጉዞ አማራጮች በመሠረቱ ሦስት ናቸው፦ በአስጎብኚ ድርጅት መኪና በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ፣ የባቡር ትኬት ገዝቶ በራስ መሄድ፣ ወይም አግራ አንድ ሌሊት ማደር። ሻጮቹ ሦስቱን የሚያወዳድሩት በዋጋ ብቻ ነው። እኔ ግን ገዢው ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «በዚህ ገንዘብ አግራ ውስጥ ስንት ሰዓት፣ ከቀኑስ የትኛውን ሰዓት ነው የማገኘው?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የታጅ ማሃል ነጭ እብነ በረድ በማለዳ፣ በቀትርና በማምሻ ፈጽሞ የተለያየ መልክ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ የሕዝቡ ብዛትና ሙቀቱ የጉብኝቱን ጣዕም ይወስኑታል።

ከምርጫው ሁሉ በፊት ግን ቀኑን መወሰን ያስፈልጋል። ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚዎች ዝግ ነው፤ በዚያ ቀን የሚገባው በግቢው መስጊድ የጁምዓ ሶላት የሚሰግድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለዓርብ የሚቀርብ ርካሽ የጉብኝት ዋጋ ካጋጠመ፣ ሕንፃውን ከወንዝ ማዶ ብቻ እንደሚያሳይ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የመኪናው ጉዞ

በመኪና የሚደረገው ጉዞ ከሁሉም በላይ የሚሸጠው ስለሚመች ነው። ሾፌሩ ማለዳ ካረፉበት ደጃፍ ያነሣዎታል፤ ከዴልሂ ዳርቻ እስከ አግራ የሚዘልቀውና እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የያሙና ፈጣን መንገድ 165 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የሁለቱ ከተሞች የውስጥ መጨናነቅ ሲታከልበት ጉዞው በአንድ በኩል ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ሰው ታጅ ማሃል በር ላይ የሚደርሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው። የዚህ ምርጫ ዋና ድክመት እዚህ ላይ ይታያል፦ ሰልፉ በረዘመበት፣ ፀሐይዋም ወደ አናት በምትወጣበት ሰዓት ገብቶ፣ የአግራን ምሽግ ከምሳ በኋላ በጥድፊያ አይቶ፣ ማምሻውን መልሶ መንገድ ላይ መሆን። በአንድ ቀን ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ያልፋል።

ሆኖም ይህን ምርጫ ጨርሶ አልነቅፈውም። ዋጋው የሚሰላው በአብዛኛው በመኪና እንጂ በሰው ስላልሆነ፣ ሦስት ወይም አራት ሆነው ለሚጓዙ ቤተሰቦች ከባቡር ትኬትና ከከተማ ውስጥ መጓጓዣ ድምር ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ከሕመም በማገገም ላይ ያለ ሰው፣ አረጋውያን ወላጆች ወይም ሕፃናት አብረው ካሉ፣ ባሻቸው ጊዜ ማረፍ መቻላቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከመክፈል በፊት ግን ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል፦ የመግቢያ ትኬቶች በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያና የሾፌሩ አበል መካተቱን፣ በመንገድ ላይም የዕቃ መሸጫ ሱቆች ማቆሚያ እንደማይኖር። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። እጅግ ርካሽ የሆኑ የአንድ ቀን ጉዞዎች ጉድለታቸውን የሚሞሉት ሱቆች ለሾፌሩና ለአስጎብኚው በሚከፍሉት ኮሚሽን ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚባክነው አንድ ሰዓት ደግሞ ከምሽጉ ጉብኝት ላይ የሚቀነስ ሰዓት ነው።

ባቡሩ

ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚጓዝና በአንድ ቀን መመለስ ግድ ለሆነበት ሰው ባቡር ከመኪና ይሻላል። ጋቲማን ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ከዴልሂ ሐዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ አግራ ካንቶንመንት ጣቢያ በ100 ደቂቃ ያህል ይደርሳል። የሚነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ማምሻውን ከ12 ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ከአግራ ተነሥቶ ይመለሳል። ዓርብ አይሠራም። ሁለተኛው አማራጭ ከኒው ዴልሂ ጣቢያ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሣው ወደ ቦፓል የሚሄደው ሻታብዲ ኤክስፕረስ ነው፤ አግራ የሚደርሰው በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ከጋቲማን ቢያንስም ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ከተማዋ ውስጥ ያደርሳል። እኔ በአንድ ቀን ለመመለስ ብገደድ በሻታብዲ ሄጄ በጋቲማን እመለስ ነበር፤ ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር በማለዳ በኩል ሁለት ሰዓት ያህል ይተርፋል።

በባቡሩ ላይ ለእኛ ተጓዦች ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ 06:00 ማለት የንጋቱ 12 ሰዓት፣ 17:50 ማለት ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሁለተኛው፣ ሁለቱ ባቡሮች የሚነሡት ከተለያዩ ጣቢያዎች መሆኑ ነው፤ ሐዝራት ኒዛሙዲንና ኒው ዴልሂ ጣቢያ በከተማው ትራፊክ ተራርቀው ስለሚገኙ፣ ተሳስቶ አንዱ ጋ የሄደ ሰው ሌላው ጋ በሰዓቱ መድረሱ ያጠራጥራል። ትኬቱን ቀደም ብሎ መግዛት ያስፈልጋል፤ በጉብኝት ወቅት ቶሎ ያልቃል። አግራ ካንቶንመንት ሲደርሱ ከጣቢያው ታክሲ ወይም ባጃጅ ይገኛል፤ ዋጋውን ሳይሳፈሩ መስማማት ነው። በታጅ ማሃል ዙሪያ ጭስ የሚያወጡ ተሽከርካሪዎች እንዳይጠጉ የተከለከለ በመሆኑ የመጨረሻው መንገድ በእግር ወይም በባትሪ በሚሠራ መኪና ይሸፈናል።

አድሮ መመለስ

ለአንድ ሌሊት የሆቴል ወጪ መጨመር ለሚችል ሰው ምክሬ አያወላዳም፤ ይደር። ታጅ ማሃል የሚከፈተው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ያን ሰዓት በር ላይ መገኘት የሚችለው ደግሞ አግራ ያደረ ሰው ነው። ማለዳ ላይ ጉልላቱ መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ፀሐይ ስትነካው ደግሞ ወርቅማ ሆኖ ይታያል፤ የአትክልት ቦታው ገና በሰው አልተሞላም፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን በከበሩ ድንጋዮች የተፈረጡ አበቦች ቀርቦ ያለ ግፊያ ለማየት ጊዜ አለ። የውጭ አገር ጎብኚ የሚከፍለው 1,100 ሩፒ ሲሆን፣ ወደ ዋናው መቃብር ለመግባት ተጨማሪ 200 ሩፒ ይጠየቃል። ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በነጻ ይገባሉ። ትኬቱ የሚያገለግለው ለሦስት ሰዓት ስለሆነ በንጋት የገባ ሰው ቸኩሎ የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ምግብ፣ ክብሪት፣ የካሜራ ማቆሚያና ትልቅ ሻንጣ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ በመቃብሩ ውስጥ ፎቶ ማንሣትም ክልክል ነው።

በዚያን ጊዜ ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን ይህን ሕንፃ ማሠራት የጀመረው ባለቤቱ ሙምታዝ ማሃል እ.ኤ.አ. በ1631 በወሊድ ከሞተች በኋላ ሲሆን፣ ግንባታው በ1632 ተጀምሮ ከነአጃቢ ሕንፃዎቹ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወስዷል። የሁሉ ነገር ሚዛን ግራና ቀኝ እኩል ነው። ይህን ሚዛን የሚያፈርሰው የሻህ ጃሃን የራሱ የመቃብር ሐውልት ብቻ ነው፤ የእርሷ በትክክል መካከል ላይ ሲሆን የእርሱ በኋላ ከጎኗ ገብቷል። ከቡድን ጋር የሚገፋ ሰው ይህን ሳያስተውል ይወጣል።

ለማደሪያ ሁለት ሰፈሮች ይመረጣሉ። ታጅ ጋንጅ ከሕንፃው በስተደቡብ የተጠጋ፣ ጠባብ መንገዶች ያሉት፣ ርካሽ እንግዳ ማረፊያዎች የበዙበት ሰፈር ነው፤ በማለዳ በእግር በሩ ላይ ለመድረስ ያመቻል። የደቡብ በር አሁን ለመውጫ እንጂ ለመግቢያ ስለማያገለግል ግን የምሥራቁን ወይም የምዕራቡን በር ማሰብ ያስፈልጋል። የፋተሃባድ መንገድ ሰፋፊ ሆቴሎች አሉት፤ ለቤተሰብ የሚስማማው እርሱ ነው። በአንዳንድ ጥቅል ጉዞዎች ውስጥ በጭማሪ ዋጋ ስለሚቀርበው የጨረቃ ምሽት ጉብኝትም አስተያየቴን ልስጥ፦ ይህ ጉብኝት የሚፈቀደው ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊትና ከእርሷ በፊትና በኋላ ባሉ ሁለት ሁለት ሌሊቶች፣ ዓርብንና የረመዳንን ወር ሳይጨምር፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሕንፃውም የሚታየው ከሩቅ ነው። ለንጋቱ ጉብኝት ምትክ አድርጎ መግዛት አያዋጣም።

ከታጅ ማሃል ቀጥሎ ምን?

የጉዞ ጥቅሎች ልዩነት በደንብ የሚለየው ከታጅ ማሃል ቀጥሎ በሚያሳዩት ቦታ ነው። የአግራ ምሽግ በሁሉም ውስጥ አለ፤ መኖርም አለበት። የሻህ ጃሃን አያት ንጉሠ ነገሥት አክባር እ.ኤ.አ. ከ1565 ጀምሮ በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ያሠራው ይህ ምሽግ ዙሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ልጁ አውራንግዜብ በ1658 ከዙፋን ያወረደው ሻህ ጃሃን በ1666 እስኪሞት በግዞት የኖረው በዚሁ ምሽግ ነው፤ ከእርሱ ክፍሎች አጠገብ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ሰገነት በወንዙ ጥምዝ በኩል ታጅ ማሃልን ያሳያል። ለውጭ አገር ሰው መግቢያው 650 ሩፒ ነው። ከምሽጉ በኋላ አንድ ተጨማሪ ቦታ ብቻ መምረጥ የሚቻል ከሆነ፣ ብዙ ሻጮች ከከተማው ወጣ ያለውን የሲካንድራን የአክባር መቃብር ያቀርባሉ፤ በሩ ግርማ ያለው፣ ግቢውም ሰፊ ነው። እኔ ግን ከወንዙ ማዶ ያለውን የኢቲማድ ኡድ ዳውላን መቃብር አስቀድማለሁ። የሻህ ጃሃን የእንጀራ እናት ኑር ጃሃን ለአባቷ እ.ኤ.አ. ከ1622 እስከ 1628 ያሠራችው ይህ ሕንፃ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው ሙሉ በሙሉ በነጭ እብነ በረድና በፈርጥ ድንጋይ የተሸፈነ በመሆኑ፣ በታጅ ማሃል በስፋት የሚታየው ጥበብ ከዚያ በፊት እንዴት እንደተሞከረ በእጅ ርቀት ያሳያል። ሰውም አይበዛበትም። ከዚያ በኋላ በዚያው ዳርቻ ባለው መህታብ ባግ በተባለው የአትክልት ቦታ ፀሐይ ስትጠልቅ መገኘት ይቻላል፤ ታጅ ማሃልን ከወንዙ በኩል ያሳያል፣ መግቢያውም ከዋናው ትኬት በብዙ ይረክሳል።

ፋተህፑር ሲክሪ ሌላ ጉዳይ ነው። ከአግራ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አክባር እ.ኤ.አ. በ1571 ዋና ከተማው ለማድረግ አሠርቶት በ1585 ለቆት ሄደ። ቁመቱ 54 ሜትር የሚደርሰው ቡላንድ ዳርዋዛ የተባለው በርና የሱፊው ሼህ ሳሊም ቺሽቲ ነጭ የእብነ በረድ መቃብር በእውነት የሚደነቁ ናቸው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉዞ ውስጥ «ታጅ፣ ምሽጉና ፋተህፑር ሲክሪ» ተብሎ ሲቀርብ ግን አለመግዛት ይሻላል፤ ሦስቱም በችኮላ ይበላሻሉ። ቦታው ለአዳሪ ሰው ሁለተኛ ቀን፣ በተለይ ቀኑ ዓርብ ከሆነ፣ የሚስማማ ነው።

ወቅቱም ምርጫውን ይለውጣል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በዚያን ጊዜ የቀትር ጉብኝት ለታማሚም ለሕፃንም አደጋ አለው፤ አድሮ በንጋት መግባት አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከባድ ጉም ማለዳ ሕንፃውን ጨርሶ ሊሸፍነው፣ ባቡሩን ሊያዘገየው፣ በፈጣኑ መንገድ ላይም አደጋ ሊያመጣ ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት በጨለማ የሚነሣ መኪና አልመክርም፤ ያደረ ሰውም ጉሙ እስኪገልጥ ጠብቆ ረፋዱ ላይ መግባቱ ይጠቅመዋል።

የታማሚ አስታማሚ ሆኖ ከግማሽ ቀን በላይ ከዴልሂ መራቅ የማይችል ሰው ደግሞ አግራን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይችላል። በዴልሂ የሚገኘው የአክባር አባት የሁማዩን መቃብር የተሠራው ከታጅ ማሃል ግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1560ዎቹና በ1570ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በአትክልት መካከል የቆመ ባለ ጉልላት መቃብርን ሐሳብ በሕንድ ምድር በዚህ መጠን ያሳየ ነው። ከሐዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ ብዙም አይርቅም፤ በሁለት ሰዓት በርጋታ ይጎበኛል። ሻህ ጃሃን ያሠራው ቀይ ምሽግ በዚያው ከተማ ቢኖርም ሰኞ ሰኞ ስለሚዘጋ፣ ነጻው ቀን ሰኞ ከሆነ የሁማዩንን መቃብር መምረጥ ነው።