«የ50 ዓመት ዋስትና» ያለው ሃርድዉድ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሚኒሶታ ላላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ዘንድሮ ቤት ለገዛችሁ። ካርፔቱን አንስታችሁ ሃርድዉድ (የእንጨት ወለል) ልታስነጥፉ ካሰባችሁ ይቺን አንብቧት። ዴንቨርም ያላችሁ ብታነቡት አይጎዳችሁም፣ የእናንተ አየር ይብሳል እንጂ አይሻልም።

አሁን በየሰፈሩ የሚዞረው ቅናሽ ይህን ይመስላል። 5 ኢንችና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ወጥ ጣውላ፣ እነሱ ሶሊድ የሚሉት። የ50 ዓመት ዋስትና። ዛሬ ከፈረማችሁ ደግሞ ማንጠፊያው በነጻ። እንጨቱ ፎርጅድ አይደለም፣ ደህና ኦክ ነው። ጉዱ ያለው ማንም የማያነበው የዋስትና ወረቀት ላይ ነው።

ጎረቤቶቼ በነሐሴ ሙቀት አስነጠፉ። ያየ ሁሉ አደነቀ። ጥር ላይ ቡና ጠርተውን ስንሄድ በጣውላዎቹ መሃል ኳርተር ሳንቲም ቆሞ ይገባ ነበር። የፈንዲሻው ገለባ እየገባ ቫኪዩሙ አላወጣው ብሎ፣ ሚስትየዋ ተንበርክካ በስቴኪኒ ትለቅማለች። ሻጩ ጋ ሲደወል አንድ ሰውዬ መጣና ትንሽ መሣሪያ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠ። የአየሩ እርጥበት 18 በመቶ። «ዋስትናው የሚሠራው ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ከ35 እስከ 55 በመቶ ከሆነ ነው» ብሎ ወጣ። 50 ዓመቱስ? እሱ ከላይ ለተቀባው ቫርኒሽ ነው። ቀለሙ ካለቀ ይተኩላችኋል፣ እንጨቱ ከተራራቀ ግን የራሳችሁ ጉዳይ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። ውጪ 0 ፋራናይት ሲሆን አየሩ ውሃ የለውም ማለት ይቻላል። ያንን አየር ሂተሩ 70 ሲያደርሰው እርጥበቱ ወደ 20 በመቶና ከዚያ በታች ይወርዳል። ታዲያ ሂዩሚዲፋየር (አየሩን የሚያረጥብ መሣሪያ) ግዙ ይሏችኋል። ግዙ፣ ይረዳል። ግን ከዜሮ በታች በሆነ ሳምንት 40 በመቶ ላይ ካደረጋችሁት መስኮቱ ያልበዋል፣ ጠርዙ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ሲቆይ ሻጋታ ያመጣል። ስለዚህ የዋስትናው ሁኔታ እዚህ አገር በጥር ወር ለብዙ ቤት የማይሟላ ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

እንጨት እርጥበት ሲያጣ በስፋቱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ እምብዛም አይነካም። ቤቱ 50 በመቶ እርጥበት ሲኖረው ኦክ ውስጡ 9 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል። አየሩ 20 ሲገባ ወደ 5 ይወርዳል። በዚህ ልዩነት ባለ 5 ኢንቹ ቀይ ኦክ በ2 ሚሊሜትር ገደማ ይጠባል። ባለ 2 ተኩል ኢንቹ የዚያን ግማሽ ብቻ። የጥንቶቹ የሴንት ፖል ቤቶች ወለል ጠባብ ጠባብ ጣውላ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ሂከሪ የሚባለው እንጨት ደግሞ ከኦክም ይብሳል፣ ጠንካራ ነው ሲሏችሁ ጥንካሬና አለመኮማተር ለየቅል መሆናቸውን አትርሱ።

ሰፊ ጣውላ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ኢንጂነርድ የሚባለውን ይውሰድ። ላዩ እውነተኛ ኦክ ነው፣ ሥሩ እንደ ኮምፔርሳቶ ተደራራቢ ሆኖ እርስ በርስ ስለተያያዘ ብዙም አይንቀሳቀስም። ግን የላዩ ንጣፍ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ጠይቁ። 3 ወይም 4 ከሆነ አንድ ቀን አስፍቃችሁ ማሳደስ ትችላላችሁ። እንደ ወረቀት የሳሳው ግን በደረቅ ቤት ራሱ ይሰነጠቃል። የእሱንም ዋስትና አንብቡ፣ የእርጥበት ቁጥር እዚያም አለ።

«ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ካደረ ይለምዳል» የሚል አንጣፊ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። ወሳኙ ቀኑ ሳይሆን የእንጨቱ እርጥበት ነው። መለኪያ ይኑረው፣ ጣውላውንም ከሥር ያለውንም ወለል ፊታችሁ ይለካ። ለሰፊ ጣውላ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቁጥሩን ውሉ ላይ አስጽፉ። ጋራዥ ውስጥ የከረመ የጣውላ ካርቶን አምጥቶ በዚያው ቀን ሚስማር መምታት ከጀመረ አስቁሙት።

ቀድሞ የተነጠፈባችሁ ደግሞ፣ በጥር ክፍተቱን በፊለር (በክፍተት መሙያ) አታስሞሉ። ሰመር ላይ እንጨቱ ሲያብጥ ፊለሩን ይተፋዋል፣ አለዚያም ጣውላው ጠርዝ ለጠርዝ ይገፋፋል። ጠብቁ፣ እርጥበቱን 30 አካባቢ ለማድረስ ሞክሩ፣ በሐምሌ ምን ያህሉ እንደሚዘጋ እዩ።

ሻጩ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ካስፈረማችሁ የፌዴራል ሕግ እስከ 3ኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን የማፍረስ መብት ይሰጣችኋል። ቅዳሜም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። የመሰረዣውን ቅጽ በ2 ቅጂ ሊሰጣችሁ ግዴታው ነው። ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ከፈረማችሁ ግን ይህ ሕግ አይሸፍናችሁም፣ ስለዚህ እዚያ ስትሄዱ ቼክ ደብተሩን ቤት ተዉት።