ማፕቱል፦ የቶክኑን ሰሌዳ ካስተካከልኩ በኋላ

ማፕቱል የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የምንጠቀመው ቅዳሜ ቅዳሜ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የታሪክ ጨዋታ፣ በኢንተርኔት ለመጫወት ነው። እኔ ቨርጂኒያ እኩለ ቀን ላይ እከፍታለሁ፣ ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ትገባለች፣ ሁለት ጓደኞቻችን ደግሞ ከሽቱትጋርት። መሪው፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራውና ጭራቆቹን የሚያጫውተው፣ እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ በነፃ ይወርዳል፣ ኮዱም ክፍት ነው። ካርታ ዘርግቶ ቶክን (የገጸ ባሕርይ ወይም የጭራቅ ምስል) ማንቀሳቀሱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ይሠራል። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ቶክኑ የመረጃ ሰሌዳ ነው፤ ማውሱን ቶክኑ ላይ ስታሳርፉት ከስክሪኑ ጥግ ብቅ ስለሚለው።

መጀመሪያ ሰሌዳውን ያገኘሁትን ሁሉ ጠቅጥቄ ሞላሁት። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጥበብ፣ የሕይወት ነጥብ፣ የመከላከያ ቁጥር፣ ሁሉም ለሁሉም ይታያል። አንድ ቅዳሜ ኦግር የሚባል ግዙፍ ጭራቅ አወጣሁባቸው፤ 59 የሕይወት ነጥብ ያለው። ሦስት ዙር ተደባደቡ። አንዱ ጓደኛችን የቀረችውን ትልቅ አስማት ሊጠቀም ሲያመነታ እህቴ ማውሷን ኦግሩ ላይ አሳረፈችና «ጋሼ፣ 9 ብቻ ነው እኮ የቀረው!» አለች። አስማቱ ተቀመጠ፣ በአንድ ቀስት ጨረሱት። ያን ሁሉ ሰዓት ያጠራቀምኩት ፍርሃት በአንድ ቁጥር ተነነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፕሮግራሙ መደበቂያውን ሰጥቶኛል፣ እኔ አልተጠቀምኩበትም።

በካምፔይኑ (የጠቅላላ ጨዋታው) ማስተካከያ ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ ለማን እንደሚታይ ይወሰናል፦ ለሁሉም፣ ለቶክኑ ባለቤት፣ ወይም ለመሪው ብቻ። የጭራቆቹን የሕይወት ነጥብ ለራሴ አስቀረሁት። በምትኩ «ሁኔታ» የሚል መስመር ጨመርኩ፤ ነጥቡ ከግማሽ በላይ ከሆነ «ደህና»፣ ከዚያ ከወረደ «ቆስሏል» ብሎ ራሱ ይጽፋል። ተጫዋቾቹ የሚያዩት ይህንን ብቻ ነው። አሁን ስለ ጠላታቸው ይከራከራሉ፣ ይገምታሉ፤ እህቴም ቁጥር መፈለጓን ትታ «እያነከሰ ነው ወይስ ቆሞ ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ከሁሉ የወደድኩት ስሌቱን ነው። ጉልበት 16 ከሆነ ዳይሱ ላይ የሚደመረው ተጨማሪ 3 ነው፤ 10 ቀንሶ ለሁለት ማካፈልና ወደ ታች ማጠጋጋት። ድሮ ሁለቱንም በእጄ እሞላ ነበር። ጥላ የሚባለው ጭራቅ ጉልበት ሲበላ አንዱን አስተካክዬ ሌላውን እረሳለሁ፣ ከሁለት ዙር በኋላ ጭቅጭቅ ይነሳል። አሁን ቀመሩን አንዴ በመነሻ ዋጋው ቦታ (በእጅ ምንም ካልተሞላ ቶክኑ የሚወስደው) ጻፍኩት፤ 16ቱ 13 ሲሆን 3ቱ ራሱ 1 ይሆናል። ልብ በሉ ግን፦ መነሻ ዋጋውን ብትቀይሩ የሚለወጡት በእጅ ያልተሞሉት ቶክኖች ብቻ ናቸው። በእጅ የተጻፈበት እንደተጻፈ ይቀራል። እኔ 20 ያህል ቶክን አንድ በአንድ ከፍቼ አሮጌውን ቁጥር ሳጠፋ አመሸሁ።

ከ14 መስመር ወደ 5 አወረድኩት። በተራችሁ ላይ የማታነቡትን ነገር ሰሌዳው ላይ አታስቀምጡ፤ ትንሽ ስክሪን ያለው ተጫዋች ካርታው ይሸፈንበታል። የድረ ገጽ መሥሪያዎቹን ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ የሚያውቅ ሰው የሰሌዳውን መልክ ራሱ መሥራት ይችላል፤ እኔ እስካሁን ቀለሙን ብቻ ነው የነካሁት።

ለማጫወት የሚከብደው ቦታ መጀመሪያው ነው። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ቨርዥን መጫን አለባችሁ፣ ኮምፒውተርም ያስፈልጋል። ለፕሮግራሙ ትእዛዝ የሚጻፍበት የማክሮ ቋንቋውም ትዕግሥት ይጠይቃል። የካርታ ምስሎች አንዴ ከወረዱ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጡ ግን እህቴ በየሳምንቱ ዳታ አታባክንም። መሪ የሆነ ሰው አንድ ቅዳሜ ጨዋታውን ይዝለልና ሰሌዳውን ብቻ ይሥራ፤ እኛ እንደዚያ አድርገን የሚቀጥለው ቅዳሜ እስከ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ድረስ ተጫወትን።