ጎማም ትኩሳት እንዳለው ላስተማረኝ መካኒክ

ይህን የምጽፈው ካሊፎርኒያ፣ ከውቅያኖሱ ዳር ተቀምጬ ነው። ተሳቢዋ ቤታችን ከኋላዬ ቆማለች። አራቱም ጎማዎቿ ቀዝቃዛ ናቸው፤ አሁን ነክቻቸው መምጣቴ ነው። ከቨርጂኒያ ተነሥተን አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን በሰላም እዚህ ለመድረሳችን ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግነው አንድ ሰው አለ። ምሥራቅ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ቱከምኬሪ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት፣ የሚጠግን መካኒክ ነው። ጋራዥ የለውም፤ መሣሪያውን መኪናው ላይ ጭኖ እናንተ ወደቆማችሁበት ይመጣል። በዚያ መንገድ የምታልፉ ከሆነ ስልኩን ከእኔ ሳትወስዱ እንዳትነሡ።

ባለቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 27 ዓመት ታክሲ ነድቷል። እኔ ነርስ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ዘመኔን የሠራሁት በሌሊት ፈረቃ ነው። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ፣ በር ላይ ሰላም እየተባባልን ልጆች አሳደግን። ጡረታ ሲወጣ ከእንግዲህ መሪ የሚባል ነገር አልጨብጥም ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «እስከ ዛሬ ሰው ወደሚፈልገው ቦታ ነው የነዳሁት፤ አሁን ራሴ ወደምፈልገው ልንዳ» አለኝ። ያገለገለች ተሳቢ ካምፐር ገዝተን ከፒካፑ ጋር አያያዝናትና በሚያዝያ ወጣን። በቀን ከ150 ማይል በላይ ላንሄድ፣ ደስ ያለን ቦታ ሁለት ሦስት ሌሊት ልናድር ተስማማን። በ81 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ቴነሲ ወርደን 40 ቁጥርን ያዝን። እሱን ከያዙ በኋላ መታጠፍ የለም፤ እስከ ካሊፎርኒያ በረሃ ይዞ ይሄዳል።

የተቃጠለ ነገር የሸተተን ገና ሚሲሲፒ ወንዝን ሳንሻገር ነው። ከፒካፑ አይደለም፤ ከተሳቢዋ ነው። የመጀመሪያው ጋራዥ የት እንደሆነ አልናገርም፤ እግዚአብሔር ይይላቸው። «ትታችሁልን ሂዱ፣ ነገ ትደርሳለች» አሉን። ነገ የተባለው ዘጠኝ ቀን ሆነ። ቤታችን እነሱ ግቢ ቆማ እኛ በሆቴል ገንዘብ ጨረስን። በመጨረሻ ሁለት ገጽ ሙሉ የተጻፈበት ሒሳብ ሰጡን፤ 1,900 ዶላር። ከፍለን ወጣን። 140 ማይል እንደሄድን ያው ሽታ ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛው ደግሞ ባሰ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው አነጋገራችንን ሲሰማ ጆሯችን የማይሰማ መሰለው መሰለኝ፣ መጮህ ጀመረ። እኔ ስጠይቅ መልሱን ለባለቤቴ ይሰጣል። ሽታው የሚመጣው ከየትኛው በኩል እንደሆነ ልነግረው ሞከርኩ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታመመ ሰው ከየት በኩል እንደሚያመው ስሰማ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በዚያ ቀን ግን እንደ ሻንጣ ተቆጠርኩ። «አሮጌ ናት፣ ምን ጠበቃችሁ?» ብሎ ላየበት ብቻ 160 ዶላር ተቀበለ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቴክሳስ ውስጥ አማሪሎ ስንደርስ አሥር የካዲላክ መኪናዎች በአፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተተክለው የቆሙበትን ሜዳ አየን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ እንዲሁ ቆመዋል፤ ሰው ሁሉ ቀለም እየቀባቸው ያልፋል። ባለቤቴ ትክ ብሎ አያቸውና «እነዚህም እዚያ ጋራዥ ገብተው ይሆናል» አለ። ከብዙ ቀን በኋላ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው።

ቱከምኬሪ ስንደርስ ግን ከአንዱ ጎማ ጭስ ወጣ። ያረፍንበት የካምፕ ቦታ ባለቤት አንድ ስልክ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችን። ደወልን። በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ እመጣለሁ አለ። 5 ሰዓት ሆነ፤ የለም። 5 ተኩል ሆነ፤ የለም። ይሄም ያው ነው፣ ሁሉም አንድ ናቸው ብዬ ባለቤቴ ላይ መነጫነጭ ጀመርኩ። ለ6 አሥር ጉዳይ ሲሆን መጣና ከመኪናው እንደወረደ «ትንሽ ቀድሜ ደረስኩ፣ ይቅርታ» አለን። ባለቤቴ የእጅ ሰዓቱን እያየ ዝም አለ። ለካ ከቴክሳስ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሲገባ ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል! ሰውየው ለ5 አሥር ጉዳይ ነው የደረሰው። ያፈርኩትን እፍረት እኔ ነኝ የማውቀው።

ምን እንዳደረገ በዝርዝር ብትጠይቁኝ አላውቅም። በክሪክ አነሣት፤ ጎማውን አወጣ፤ ኩሽኔታ የሚባለውን አሳየን። ያለ ልክ የተጠበቀ ነገር ነበር፤ አንደኛው በኩል ደግሞ ግራሶ አልነበረውም። የገባኝ ይህን ያህል ነው። የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎስ ምን አዩ? ምን ሸተተዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ነርስ እንደነበርኩ ሲያውቅ ፊቱ በራና እጄን ይዞ ወደ ጎማዎቹ ወሰደኝ። «ትኩሳት በእጅዎ ጀርባ አይደል የሚለኩት? ይህም እንደዚያው ነው። በቆማችሁ ቁጥር የእያንዳንዱን ጎማ መሃል ብረት በእጅዎ ጀርባ መጀመሪያ ቀረብ ብለው ይሞክሩት፤ ካላቃጠለ ይንኩት። ሁሉም ትንሽ ይሞቃሉ፤ ፀሐይ ያረፈበት በኩል ትንሽ ይብሳል። ከሌሎቹ የተለየው ግን በሽተኛ ነው» አለኝ።

ቀጥሎም ጎማው ጎን ላይ የተጻፉ አራት ቁጥሮች አሳየኝ፤ 3216 ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ዓመት፣ በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ጎማው ግን አርጅቷል። የመድኃኒት ቀን ሳላይ አንድ ክኒን ለሰው ሰጥቼ የማላውቅ ሴት፣ ቀኑ ባለፈበት ጎማ ላይ እየተኛሁ ግማሽ አሜሪካን አቋርጫለሁ። እሱ ጎማ አይሸጥም። የአሪዞና ሙቀት ሳይጀምር አልበከርኪ ላይ ቀይሩ አለን፤ ቀየርን። የተቀበለን የሁለት ኩሽኔታና የሥራውን 215 ዶላር ብቻ ነው።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሳንጠራው መጣ፤ ትንሽ ነድተናት ጎማዎቹን አብረን እንድንነካ። አራቱም ደህና ነበሩ። ከዚያ «ባለቤትዎ ቢታመሙ ማን ይነዳል?» አለኝ። ሁለታችንም ዝም አልን። መኪና እነዳለሁ፤ ይህን ጎታች ከነተጎታቹ ግን ነክቼው አላውቅም ነበር። ባዶ ሜዳ ወስዶ አሮጌ ባልዲዎች ደረደረልኝ። ወደ ኋላ መንዳት ነው ሰውን የሚያስለቅሰው፤ መሪውን ወደ ግራ ሲሉት ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል። እሱ እጄን አንሥቶ ከመሪው ታች አስቀመጠው። «አሁን የተሳቢዋ ጭራ እንዲሄድ ወደፈለጉበት እጅዎን ይውሰዱ፤ ቀስ ብለው» አለኝ። በሦስተኛው ሙከራ በባልዲዎቹ መሃል ገባሁ። ባለቤቴ አጨበጨበ። ለዚህስ ስንት ነው ስንለው ባልዲዎቹን እየሰበሰበ ሳቀብን።

ከዊልያምስ እስከ ግራንድ ካንየን ያለውን ወደ 60 ማይል የሚጠጋ መንገድ የነዳሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ በባዶ ወለል ላይ ፍሬን ሲረግጥ ነበር። ከዚያ ረጋ አለና በመስኮቱ በኩል ጥዱን እያየ «መንገድ ከጎን ሲያዩት እንዲህ ነው እንዴ?» አለ። 27 ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ምንም አልመለስኩለትም፤ መሪ ይዤ ማልቀስ አልፈለግሁም። በነገራችን ላይ 62 ዓመት የሞላችሁ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች፣ የብሔራዊ ፓርኮችን የዕድሜ ልክ መግቢያ በ80 ዶላር ታገኛላችሁ፤ አንዳንድ ቦታ የካምፑንም ክፍያ በግማሽ ይቀንሳል። እኛ ብዙ ቦታ ከፍለን ነው ያወቅነው።

አሁን በቆምን ቁጥር እወርድና አራቱን እዞራቸዋለሁ። የሙቀታቸውን ነገር በደብተር እጽፋለሁ፤ የለመደብኝ ነው። ባለቤቴ «ሲስተር፣ ታማሚዎቹ እንዴት ዋሉ?» ይለኛል። ካሊፎርኒያ ስንገባ ደግሞ ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ ከ55 ማይል በላይ እንዳይነዳ ሕጉ ይከለክላል፤ ሰው ሁሉ ጡሩንባ ሲነፋበት የከረመው ባለቤቴ በሕግ አሸነፍኩ ብሎ ሲኮራ ዋለ።

እባካችሁ፣ በ40 ቁጥር የምታልፉ ሁሉ፣ ካምፐራችሁ ደህና ብትሆንም እንኳ ይህን ሰው አሳዩት። ደግ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ የማያስፈልጋችሁን አይሸጥላችሁም። ስሙ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ግን ስልኩን እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። መኪና ሥር ስለሚውል ቶሎ ላያነሣ ይችላል፤ መልእክት ተዉለት፣ ይደውላል። ከቴክሳስ በኩል የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ሰዓታችሁን ወደ ኋላ መልሳችሁ ጠብቁት።