ዲሲ ፓምፕ ለዓሣ ገንዳ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ ድምፁ ምን ሆነ?

ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የዓሣ ገንዳ ጸጥ ማለት አለበት። ለእኔ ይህ ቅንጦት አይደለም። ገንዳ የምናስገባው ማታ ቁጭ ብለን ልናየው ነው። ቤቱ ጸጥ የሚለውም ያኔ ነው፤ ቀን ያልሰማነው ሁሉ ማታ ይሰማል። የፓምፑ ዝዝታ፣ የቱቦው ጉርጉርታ፣ የቁም ሳጥኑ ንዝረት።

የኔ ገንዳ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። 240 ሊትር ገደማ ይይዛል። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ገንዳው ከተቀመጠበት ሳጥን ውስጥ ሳምፕ አለ፤ ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ ማለት ነው። ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ድሮ የነበረው በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ተራ ፓምፕ ነው። ካለፈው በጋ ጀምሮ ግን በ24 ቮልት የሚሠራ፣ ፍጥነቱ የሚስተካከል ዲሲ ፓምፕ (ዲሲ ማለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው) እየተጠቀምኩ ነው። የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ። አብዛኛው የምለው ነገር ለሌሎቹ ዲሲ ፓምፖችም ይሠራል።

ተራው ፓምፕ የሚጮኸው ተበላሽቶ አይደለም። የኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው። በዚህ መብራት የሚሠራ ሞተር ንዝረቱ የዚያ እጥፍ፣ 100 ሄርዝ ይሆናል። ወፍራም፣ የማይቋረጥ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ በር ቢዘጋም ያልፋል። ዲሲው ግን ሞተሩን የሚነዳው በራሱ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ያ ወፍራም ዝዝታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለም። በዚህ በኩል የተከፈለበት ገንዘብ ይገባዋል።

ሙሉ በሙሉ ድምፅ አልባ ነው ግን አልልም። የኔው አሥር ደረጃ አለው። ከላይኛዎቹ አንዱ ላይ ቀጭን፣ ሲር የሚል ድምፅ ያወጣል። አንድ ደረጃ ዝቅ ወይም ከፍ ሲደረግ ይጠፋል። እኔ የምጠቀመው መካከለኛውን ስለሆነ አያስቸግረኝም። በዚያው ደረጃ ሊያሠራው ለሚፈልግ ሰው ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ስትገዙ ከሚያስፈልጋችሁ ከፍ ያለ አቅም ያለውን መርጣችሁ ዝቅ አድርጋችሁ አሠሩት። የፓምፑ ማሸጊያ ላይ በሰዓት ይገፋል ተብሎ የተጻፈው ሊትር ውሃ ሽቅብ ሳይወጣ የተለካ ነው። ውሃውን አንድ ሜትር ከምናምን ወደ ላይ ሲገፋ ብዙ ይቀንሳል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ፓምፑ ጸጥ ሲል የቱቦው ድምፅ ጎልቶ ወጣ። ብዙ ሰው ፓምፕ ቀይሮ "ምንም ለውጥ የለውም" የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የትኛው እንደሚጮህ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ፓምፑን አጥፉና አዳምጡ። ወዲያው የሚጠፋው የሞተሩ ድምፅ ነው። ለጥቂት ጊዜ የሚቀጥለው ደግሞ የሚወርደው ውሃ ነው። ከዚያ መልሳችሁ አብሩትና ፓምፑን ውሃው ውስጥ እንዳለ በእጃችሁ ከመስታወቱ ላይ ነጥላችሁ ያዙት። ድምፁ ከቀነሰ ችግሩ ንዝረቱ ወደ መስታወቱና ወደ እንጨቱ መተላለፉ ነው። ካልቀነሰ ችግሩ ያለው ፓምፑ ውስጥ ነው።

ንዝረቱን መከላከል ርካሽ ነው። ፓምፑ በሲሊኮን እግሮቹ ላይ ይቁም፤ የሳምፑን ግድግዳ አይንካ። ከፓምፑ የሚወጣው ደረቅ ፒቪሲ ቱቦ ከሆነ ንዝረቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ለስላሳ የሲሊኮን ጎማ አስገቡ። በእኔ ቤት ከጀርባ ያለው ስስ ቺፕውድ እንደ ከበሮ ያስተጋባ ነበር። ከቱቦው ጋር የሚነካካበትን ቦታ በስፖንጅ ለየሁት፤ ለውጡ ወዲያው ተሰማ።

የሚወርደው ውሃ ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ጉርጉርታው የሚመጣው ውሃና አየር በአንድ ቱቦ እየተጋፉ ሲወርዱ ነው። አየሩን ካስወጣችሁት ድምፁ ይጠፋል። ይህን የሚያደርገው በውጭ አገር ዓሣ አርቢዎች ዘንድ ሄርቢ የሚባለው አሠራር ነው። ሁለት መውረጃ ቱቦ ያስፈልጋል። አንደኛው ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሞልቶ ይወርዳል፤ መጠኑን የሚቆጣጠረው በላዩ ላይ ያለ ጌት ቫልቭ ነው። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ባዶውን ይቆማል። ዋናው ቢደፈን ውሃው ቤት ውስጥ ሳይፈስ በእሱ ይወርዳል። ይህ ሁለተኛ ቱቦ በምንም ምክንያት አይቀነስ።

የኔ ገንዳ የተበሳው ለአንድ መውረጃና ለአንድ መመለሻ ብቻ ነበር። መስታወት እንደገና ማስበሳት አያስፈልግም። ሁለቱንም ቀዳዳዎች መውረጃ አደረግኳቸው። መመለሻውን በገንዳው ጠርዝ ላይ በጎማ አሳለፍኩት። ቫልቩ የግድ በእጀታ ቀስ እያለ የሚዞር ጌት ቫልቭ ይሁን። በሩብ ዙር የሚዘጋው ዓይነት በትንሽ ንክኪ ብዙ ስለሚለውጥ ለዚህ አይመችም። የዋናው ቱቦ ጫፍ ሳምፕ ውስጥ ከውሃው በታች ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይግባ። ጠልቆ ከገባ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር መውጫ ያጣል።

ዲሲ ፓምፑን ያደነቅኩት እዚህ ላይ ነው። በተራው ፓምፕ የሚስተካከለው የመውረጃው ቫልቭ ብቻ ነው። በዲሲው ሁለቱንም ጫፍ ይዛችኋል። ፓምፑ ሽቅብ የሚገፋው እና ቱቦው የሚያወርደው እኩል ሲሆን ጉርጉርታው ይቆማል። ማስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቫልቩን ትንሽ ነክቶ ውሃው እስኪረጋ መጠበቅ ነው። አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ግን ማጣሪያ ስፖንጅ ሲቆሽሽ ካልሆነ በቀር ብዙም አልነካሁትም።

መብራት ሲጠፋስ? ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ጫፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ ውሃው ወደ ሳምፕ ይመለሳል። በኔ ገንዳ ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ ማለት 4.8 ሊትር ነው። ጫፉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ ወደ 10 ሊትር ይወርዳል። ሳምፑ ለዚህ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። መብራት ሲመጣ የኔው ፓምፕ በነበረበት ፍጥነት በራሱ ይነሳል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስትገዙ ይህን ጠይቁ፣ በራሱ ካልተነሳ እናንተ ሥራ በምትውሉበት ቀን ዓሦቹ ይጎዳሉ። መውረጃው መጀመሪያ ላይ ዶቅ ዶቅ ይላል፤ አየሩን ሲተፋ ዝም ይላል። መብራት የሚበላውም ትንሽ ነው። የድሮው ሳጥኑ ላይ 45 ዋት ይላል፤ ይህኛው እኔ በማሠራበት ፍጥነት ከ15 ዋት በታች ነው። ስለዚህ ለኮምፒውተር የምንጠቀመው ዩፒኤስ አጭር መቋረጥን ያሻግረዋል።

ዓሦቹን ስለምወዳቸው አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለጸጥታ ብላችሁ የውሃው ፊት ጨርሶ እንዲረጋ አታድርጉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ዘንድ 6 ገደማ ነው። የውጭ አገር ሰዎች የሚሰጡትን ምክር እንዳለ መገልበጥ ለዚህ ነው የማይሆነው። የመመለሻውን ጫፍ ወደ ላይ አዘንብሉት፤ ፊቱ ይንቀሳቀስ፣ ግን አይንጫጫ። ማታ ማታ ዓሦቹ ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ፍጥነቱን ጨምሩ። ትንሽ ድምፅ ይሻላል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ከወራት በኋላ ኳኳታ ቢጤ ጀመረው። ፈትቼ ሳየው የሚሽከረከረው ማግኔት ላይ ነጭ ኖራ ተጋግሯል። አቼቶ በውሃ በጥብጬ ዘፈዘፍኩት፣ በጥርስ ብሩሽ አሸሁት፣ በደንብ አለቀለቅኩት። ድምፁ ጠፋ። መሐሉ ያለው የሴራሚክ ዘንግ በቀላሉ ስለሚሰበር ስትነቅሉት አታጣምሙት።

ያልወደድኩት የመቆጣጠሪያውን ገመድ ነው። አጭር ስለሆነ መቆጣጠሪያው ከሳምፑ አጠገብ፣ እርጥበት ውስጥ ለመቀመጥ ይገደዳል። ከውሃው በላይ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ገመዱ ወደ ታች ረግቦ ይታጠፍ፤ ጠብታ ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ። መለዋወጫ ደግሞ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ተጨማሪ አዳፕተርና የሚሽከረከረውን ክፍል አብራችሁ አስመጡ።

ሳምፕ የሌለው ትንሽ ገንዳ ያለው ሰው ይህን ፓምፕ መግዛት አያስፈልገውም። ስፖንጅ ማጣሪያና ጥሩ የአየር ፓምፕ ይበቃዋል። የአየር ፓምፑን ለስላሳ ነገር ላይ፣ ከገንዳው ውሃ ከፍታ በላይ አስቀምጡት። ከታች ከሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቀጭኑ ቱቦ ወርዶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።