ልጃችንን ያስገመገምንበት የሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ

የልጃችንን የንባብ ችግር አንዲት ሳይኮሎጂስት ጋ አስገምግመናል። ዋጋውን ላስቀድም፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 2,800 ዶላር። ኢንሹራንስ አትቀበልም። በሦስት ጊዜ ክፈሉ አለችን፣ ከፈልን። እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ለእኛ ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ለገና አዲስ አበባ ልንሄድበት ያስቀመጥነው ነበር። ቢሆንም ለጠየቀኝ ሁሉ ሂዱ እላለሁ። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት የምታደርጉት ነገር አለ፤ እሱንም የነገረችኝ ራሷ ናት።

ቢሮውን የከፈተችው የአገራችን ልጅ ናት። ሳይኮሎጂስት ናት፣ የሜሪላንድ ፈቃዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ራሷን ችላ ከመውጣቷ በፊት ለዓመታት ትምህርት ቤት ውስጥ ሠርታለች። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ መካከለኛው ልጇ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር እንዳለበት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የነገረችን። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳትም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ቢሮው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን ነው፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለው ፎቅ፣ ሁለት ጠባብ ክፍል። ጫማ አውልቁ የሚል ጽሑፍ የለም፤ ምንጣፉን ስታዩ ግን ራሳችሁ ታወልቃላችሁ።

የእኛ ችግር የልጃችን ንባብ ነበር። ስምንት ዓመቱ ነው፣ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። ወሬ አያልቅበትም። የአውቶቡስ መስመሮችን ከነፌርማታቸው ያውቃል። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙሩን በቃሉ ያንበለብለዋል። መጽሐፍ ሲሰጠው ግን ሆዴን አመመኝ ይላል። መምህሯ «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምትናገሩ ነው፣ ጊዜ ስጡት» አለችን። ሰጠነው። ሁለተኛ ክፍል ገባ፣ ያው ነው። የጎረቤታችን ልጆችም ቤታቸው የሚወራው አማርኛ ነው፤ እነሱ ያነባሉ።

ለሳይኮሎጂስቷ ስደውል ቀጠሮ ትሰጠኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠየቀችኝ፦ «ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቃችኋል?» ለመምህሯ በቃል ነግረናል አልኳት። «ወንድሜ፣ በቃል የተባለ ነገር ቀን የለውም። መጀመሪያ በነጻ የሚሠራላችሁን አሠሩ፤ ካልረካችሁ ያኔ ደውሉልኝ» ብላ የደብዳቤውን ሐሳብ በስልክ አስጻፈችኝ። አራት መስመር ናት። የልጁ ስም፣ ያሳሰበን ነገር፣ ሙሉ የስፔሻል ኢዱኬሽን (የልዩ ድጋፍ ትምህርት) ግምገማ እንጠይቃለን፣ ቀን። ብር የሚያመጣላትን ሰው እንዲህ የምትመልስ ነጋዴ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህ ነው። በአሜሪካ ሕግ ልጁ የመማር ችግር አለበት ተብሎ ከተጠረጠረ ትምህርት ቤቱ በራሱ ወጪ መገምገም አለበት። ሕጉ የወጣው በ1975 ነው፤ አይዲያ የሚለውን የአሁኑን ስም ያገኘው በ1990 ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የጽሑፍ ጥያቄው ከደረሳቸው ጀምሮ 90 ቀን፣ እናንተ ለግምገማው ከፈረማችሁበት ጀምሮ ደግሞ 60 ቀን አላቸው። ቨርጂኒያ ያላችሁ አቆጣጠሩ ይለያል፣ እዚያ 65 የሥራ ቀን ነው። ለግምገማ መፈረም ለአገልግሎት መፈረም አይደለም፤ ያኛው ሌላ ፊርማ ነው። ይህን የምለው ለባለቤቴ ዘመድ ነው፤ «ስፔሻል ክላስ ይከቱብኛል» ብላ እስክሪብቶ አልነካም ያለችው።

ትምህርት ቤቱ ገመገመ፣ አገልግሎት አያስፈልገውም አለ። ምክንያቱ ያው የእንግሊዝኛ ነገር። እንደገና ደወልን። አሁንም ሌላ መንገድ አሳየችን፦ በትምህርት ቤቱ ግምገማ ካልተስማማችሁ ገለልተኛ ግምገማ በእነሱ ወጪ መጠየቅ ትችላላችሁ። ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ የራሳቸው ግምገማ ትክክል መሆኑን ለማሳየት እንደ ፍርድ ቤት ያለ ክርክር ይጠይቃሉ። ባለቤቴ ክርክር የሚለውን ቃል ስትሰማ «በቃ እኛው እንክፈል፣ እሷው ታየው» አለች። ቤት ውስጥ የመጨረሻውን ቃል ማን እንደሚናገር ታውቁታላችሁ። እናንተ ግን ያንን መንገድ ሞክሩት።

ግምገማው ሁለት ጠዋት ፈጀ። በአንድ ቀን አትጨርስም፤ የደከመ ልጅ ነጥብ የልጁ ነጥብ አይደለም ትላለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ቆሎ በብርጭቆ ማሰሮ አለ። ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠውን፣ የማገናዘብ ችሎታን የሚለካውን የዌክስለር ፈተና ሰጠችው፣ ከዚያ የንባብና የጽሑፍ ፈተናዎች። እኛ ውጭ ነው የምንቆየው። አንዱን ክፍል ግን በሩን ከፍታ አሰማችን፣ በአማርኛ ስለነበር።

«ሰላም በል» አለችው። «ሰላም።» «አሁን ሰን ሳትል በለው።» ዝም አለ። ከዚያ «ሰላ?» አለ። መልሱ ላም ነበር። ማሙሽ ላም ምን እንደሆነች ጠንቅቆ ያውቃል፤ አያቱ በተረት አጥግባዋለች። ድምፁን ነቅሎ ማውጣት ነው ያቃተው። በሌሎች ቃላትም ሞከረችው፣ ያው ሆነ። የፊደል ገበታ አምጥታ ሀሁን አስጠራችው። በተራ ሲሆን ዘፈን አድርጎ ይወርደዋል። ጣቷን መሃል ላይ ስታሳርፍ ይጠፋበታል። በዚህኛው ላይ ነጥብ አልሰጠችም፤ ለአማርኛ የተዘጋጀ መለኪያ በእጄ የለም፣ ለራሴ ማስተዋያ ነው አለች። እኔ ግን ገንዘቤን ያገኘሁት እዚያ ነው። ችግሩ የእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የሚታየው። ልጁ በሁለቱም ቋንቋ የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ይህን ሊያይ የሚችል ሰው ሁለቱንም ቋንቋ መስማት አለበት። ትምህርት ቤቱ የላካቸው ሰዎች ጨዋ ነበሩ፣ አማርኛ ግን አይሰሙም።

ሪፖርቱን ያስረዳችን ቀን እናቴም መጣች። «አያቱ ካልገባቸው ቤት ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም» ብላ አምጧት ያለችን ሳይኮሎጂስቷ ናት። እናቴ ጸበል ይጠመቅ ስትል ከርማለች። ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አልተቃወመችም። «ጸበሉም ይሁን እማማ፤ ንባቡ ግን መምህር ይፈልጋል» አለቻት። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ደጋፊ ናት። ከእኔ ይልቅ የእሷን ቃል ትጠቅሳለች።

ሳይኮሎጂስቷ የፈተናውን ቁጥሮች የምታስረዳበት መንገድ ጥሩ ነው። አማካዩ 100 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ያህል ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ማሙሽ ሐሳብ በማገናዘብ ከአማካዩ በላይ ነው። ቃልን በድምፅ ፈታትቶ በማንበብ ግን 9ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነው። ይህ ከመቶ ዘጠኝ አገኘ ማለት አይደለም። መቶ እኩዮቹን ብታሰልፉ ዘጠኝ ያህሉን ይስተካከላል ወይም ይበልጣል፣ የቀሩት ከፊቱ ናቸው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል በጣቷ አሳየችን። ዲስሌክሲያ ያለችው ያንን ነው። ከዚያ ባለቤቴ የፈራችውን ጥያቄ ጠየቀች፣ አማርኛውን እንተወው ወይ? በፍጹም አለች። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያ አያመጣም። አማርኛውን ብናቋርጥ ልጁ አያቱን ያጣል እንጂ ንባብ አይጨምርም።

የውጭ ሪፖርት ይዛችሁ ስትሄዱ ትምህርት ቤቱ የማየት ግዴታ አለበት፤ ያለውን ሁሉ የመቀበል ግን ግዴታ የለበትም። ይህን ቀድማ ስለነገረችን ከትምህርት ቤቱ ጋር ወደነበረን ስብሰባ ተዘጋጅተን ነው የገባነው። አስተርጓሚ ጠይቁ አለች፣ መብታችሁ ነው፤ እንግሊዝኛ ብትችሉም ስትናደዱ አትችሉትም። ሜሪላንድ ውስጥ በስብሰባው የሚታዩ ወረቀቶች ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ለወላጅ መድረስ እንዳለባቸውም ከእሷ ነው የሰማሁት። እሷ ራሷ በስልክ ገባች፤ ለዚህ ለብቻው ታስከፍላለች፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ አልተናገረችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የቋንቋው ነገር ሲነሳ፣ በሁለቱም ቋንቋ ያየችውን ተናገረች። ማሙሽ አይ ኢ ፒ አገኘ፤ ትምህርት ቤቱ ለልጁ የሚሰጠው ድጋፍ የሚጻፍበት ዕቅድ ነው። ከክፍሉ አልወጣም። የንባብ መምህር በሳምንት አራት ቀን ለብቻው ይዞ ያስጠናዋል፣ ፈተና ላይም ተጨማሪ ሰዓት አለው።

ቅዳሜ ከሰዓት የወላጆች ስብስብ አላት፣ ግምገማ ላሠሩ ቤተሰቦች ነጻ ነው። ቡና ይፈላል። እናቶች ይበዛሉ፤ አባቶች ብዙ ጊዜ እኔና አንድ የታክሲ ባለቤት ነን፣ ጥግ ይዘን እንቀመጣለን። እዚያ የምትሰጠው ምክር ተራ ነገር ነው፣ ግን ይሠራል። የቤት ሥራ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋል፣ ባያልቅም። ሌላውን ታሪክ በድምፅ መጽሐፍ ይስማ። እናቴ ማታ ተረት ትነግረዋለች፣ እሱ መልሶ ለታናሽ እህቱ ይነግራታል። ቤታችን ውስጥ ስለ ንባብ የሚጮህ ሰው ጠፍቷል፤ ስለ ሌላ ነገር እንጮሃለን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሪፖርቱን በሦስት ሳምንት አደርሳለሁ ብላ የዚያን እጥፍ አስጠብቃናለች። ሥራው የአንድ ሰው ነው፣ ይገባኛል፤ ግን ስድስት ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ ስድስት ሳምንት ማለት ነው። አንዱን ቀጠሮ ጠዋት በቴክስት ሰረዘችብን፣ ልጇ አተኩሶት ነበር። እናት ናት ብዬ ዋጥኩት። ሆኖም የአውቶቡስ ሹፌር ሺፍት እንደ ካልሲ አይቀየርም። የስልኳ መልእክት መቀበያ ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆቿ ከትምህርት ቤት መጥተው መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ወንበር ይጠፋል። ባለቤቴ ይህን ወዳዋለች፣ መካከለኛው ልጅ በጆሮ ማዳመጫ መጽሐፍ ሲሰማ ማየቷ ለእሷ ከሪፖርቱ በላይ ነበር። እኔ ወንበር ነው የምፈልገው።

ልጃችሁ ሦስት ዓመት ካልሞላው እሷ ጋ አትሂዱ። የሜሪላንድ የሕፃናትና ጨቅላዎች ፕሮግራም አለ፣ ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ግምገማው በነጻ ነው። እሷም ወደዚያው ነው የምትልከው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ የትምህርት ቤት ወረቀት በአማርኛ ጠይቁ፤ ካውንቲው ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

አራት ኮከብ ሰጥቻታለሁ። ስትደውሉ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ሞክሩ፣ በአገራችን አቆጣጠር። ከዚያ በኋላ ልጆች ላይ ናት፣ አታነሳም። መኪና የምታቆሙ ደግሞ ከጀርባ ያለውን የሕዝብ ጋራዥ ተጠቀሙ፤ ፊት ለፊት ያለው የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ ያስነሳሉ።