በክር ወይስ በሙጫ? ጨርቅን በወረቀት ላይ አጥፎ መያዝ

ኢንግሊሽ ፔፐር ፒሲንግ በተባለው የእጅ ስፌት ዘዴ ኩዊልት (ከጨርቅ ቁርጥራጮች የሚገጣጠም ድርብ የአልጋ ልብስ) ሲሠራ ጨርቁ መጀመሪያ ጠንከር ባለ የወረቀት ቅርጽ ላይ ይታጠፋል፤ ከዚያ ቅርጾቹ ጠርዝ ለጠርዝ በእጅ ይሰፋሉ። ጥያቄው እጥፋቱ በምን ይያዝ ነው።

ሙጫ ይፈጥናል። በውሃ የሚለቅ የጨርቅ ሙጫ መሆን አለበት፤ ከወረቀቱ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ አንድ ስስ መስመር ይበቃል። ጠርዙ ድረስ ከተቀባ መርፌው አልገባ ይላል፤ ከበዛ ደግሞ ወረቀቱ ሲወጣ ይቀደዳል፣ የጨርቁም ጫፍ ይተረተራል። ለወራት ተጀምሮ በተቀመጠ ሥራ ላይ ይህ ይብሳል።

ክር ጊዜ ይበላል፤ ለጀማሪ የምንመርጠው ግን እሱን ነው። ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ዙሪያውን 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትቶ መቁረጥ፤ ከዚያ በየማዕዘኑ፣ እጥፋቶቹ በተደራረቡበት፣ ወረቀቱን ሳይነኩ ሁለት ሁለት ጊዜ መውጋት። ይህ ክር ከኋላ ስለሚቀር መፍታት የለም፤ ወረቀቱም ደጋግሞ ያገለግላል። ቅርጹ ተለቅ ካለ ግን የጎኑ መሃል ስለሚላላ ወረቀቱን ጭምር ወግቶ መያዝ ይሻላል፤ ያ ክር በኋላ ይፈታል።

በሁለቱም መንገድ ወረቀቱ የሚወጣው ዙሪያው በሙሉ ከተሰፋ በኋላ ነው።