የ«ዲ ፋከል» ዲጂታል ክምችት፦ ለቪየና ደራስያን ጠብ ምን ያህል ይበቃል?

የቪየና ደራስያን እንዴት እንደተነካከሱ ከምንጩ ማንበብ ለሚፈልግ፣ የኦስትሪያ የሳይንስ አካዳሚ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሕዝብ የከፈተው የ«ዲ ፋከል» ክምችት አቻ የለውም። ሽሙጠኛው የቪየና ጸሐፊ ካርል ክራውስ ከ1899 እስከ 1936 ያሳተመው ይህ መጽሔት ሳይጎድል አለ፤ 37 ቅጽ፣ ከ22,500 ገጽ በላይ። መመዝገብ ሊያስፈልግ ይችላል እንጂ ክፍያ የለውም። የእያንዳንዱ ገጽ ፎቶም፣ ቃል የሚፈለግበት ጽሑፍም ተቀምጧል።

ጀማሪን የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። 922ቱ ቁጥሮች የወጡት በ415 እትሞች ነው፤ ክራውስ ቁጥሮችን ይደራርብ ነበር። ከ890 እስከ 905 ያሉት ቁጥሮች በ1934 የወጣ፣ ከ300 ገጽ በላይ ያለው አንድ እትም ናቸው። 897ን ለብቻው ብትፈልጉ የለም። የጀርመንኛ አጻጻፍ በ1901 ስለተሻሻለ ደግሞ፣ ለቀደሙት ዓመታት «ታይል»ን (Teil) የመሰለ ቃል ከ«ቴ» ቀጥሎ «ሃ» ጨምራችሁም (Theil) ሞክሩ።

ክምችቱ የሚያበራው በገጣሚው ፍራንዝ ቨርፈል ላይ ነው። ክራውስ በ1911 የወጣቱን ግጥሞች አትሞለት ነበር። ስሙን ፈልጋችሁ ውጤቱን በየዓመቱ ብትከተሉ አድናቆቱ ወደ ፌዝ ሲዞር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቨርፈል በ1920 በተውኔት ወጋው፣ ክራውስም በ1921 በተውኔት መለሰለት።

ትልቁ ጉድለት ግን ከድረ ገጹ ሳይሆን ከመጽሔቱ የመጣ ነው፤ ከሳሹ ብቻ ይናገራል። ከ1911 መጨረሻ ጀምሮማ ጸሐፊው ክራውስ ብቻ ነው። ደራሲና ሐያሲ ሄርማን ባርን፣ ስለ አንድ የቪየና ቲያትር ቤት በጎ እየጻፈ ከዳይሬክተሩ መሬት አገኘ ብሎ ወነጀለው፤ በ1901 ፍርድ ቤት በስም ማጥፋት የተቀጣው ግን ክራውስ ራሱ ነው። የእሱን ገጾች ብቻ ያነበበ፣ የተበደለው ክራውስ ነው ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ነጻ የጋዜጣ ክምችት «አኖ»ን ጎን ለጎን ክፈቱ። ታላቁ የቪየና ጋዜጣ «ኖየ ፍራየ ፕሬሰ» ክራውስን ስሙን ባለማንሳት ነበር የሚቀጣው፤ እዚያ ባዶ የፍለጋ ውጤትም መልስ ነው። ብቻ ባዶነቱን ወዲያው አትመኑ፦ ጋዜጦቹ ፍራክቱር በተባለው አሮጌ የጀርመን የፊደል ቅርጽ ስለታተሙ ማሽኑ ረጅሙን «ኤስ» «ኤፍ» ብሎ ያነበዋል። ቀኑን ካወቃችሁ ገጹን ራሳችሁ ግለጡ።

አንድ ነገር እዚህ አትፈልጉ፦ ክራውስ በቪየናው ካፌ ግሪንሽታይድል የሚሰበሰቡትን ደራስያን ያብጠለጠለበት የ1896ና የ1897 ጽሑፍ ከመጽሔቱ ይቀድማል። በዚያ ሰበብ ከእነሱ አንዱ ፌሊክስ ዛልተን ክራውስን በጥፊ መታው። ለዚህ ጠብ የሚሻለው፣ በነጻ የሚነበበው የደራሲው አርቱር ሽኒትስለር የቀን ማስታወሻ ነው፤ የዲሴምበር 1896ን ክፈቱ። ጥፊው ሁሉንም እንዳስደሰተ በአጭሩ መዝግቦታል።